«ለ20 ዶሮ» ተብሎ የሚሸጠው የብረት ዶሮ ቤት፦ ቆጡ ለ45 ቀን ጫጩት ይሆናል?

በባሕር ዳር ብየዳ ቤቶች ደጃፍ ላይ ከበርና ከመስኮት ጋር ተደርድሮ የሚሸጠው ባለ ሁለት ፎቅ የብረት ዶሮ ቤት አሁን አሁን የብዙ ግቢ ዕቃ ሆኗል። አጥንቱ ቱቦላሬ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጎኑ ሽቦ ነው። ሻጩ «ለ20 ዶሮ ይበቃል» ይላል። ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሳምንት 20 የ45 ቀን ጫጩት አምጥቶ ያስገባበታል። ሲመሽ ግን ጫጩቶቹ ቆጡን ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፤ አንድ ማዕዘን ላይ ተደራርበው ይተኛሉ።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። እንደ ቤት ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል፦ ውሻ አይገለብጠውም፣ ሽቦው ደኅና ከሆነ ሽለምጥማጥ አይገባበትም፣ ክረምቱንም ይችላል። እንደ ቆጥ ግን 2 ኮከብ መስጠትም ልግስና ነው። ደግነቱ ጉድለቱ ከግዢ በፊት በትንሽ ብየዳ፣ ከግዢ በኋላ ደግሞ ለማገር በሚሸጥ ቀጭን ባሕር ዛፍ ይስተካከላል።

የምንገመግመው ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲም፣ ቁመቱ ከነእግሩ 1.70 ገደማ የሆነውን ነው። የታችኛው ፎቅ መዋያ፣ የላይኛው ማደሪያ ነው። ማደሪያው ውስጥ ከዳር ዳር የተበየዱ ሁለት ግማሽ ኢንች ቧንቧዎች ከወለሉ 70 ሳንቲም ከፍ ብለው ተጋድመዋል፤ ቆጥ የሚባለው እሱ ነው። የእንቁላል መጣያው ሳጥን ከጎን ተለጥፏል፣ ደፉ 40 ሳንቲም ላይ ነው። ልኩ ከአንዱ ብየዳ ቤት ወደ ሌላው ስለሚለያይ ሜትር ይዞ መሄድ ነው።

ጫጩቶቹ ለምን እንደማይወጡ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ «ዶሮ ራሷ ታውቅበታለች» የሚል ነው። ግማሽ እውነት ነው። የ45 ቀን ጫጩት ከመፈልፈያ ማሽን ወደ ማሳደጊያ፣ ከማሳደጊያ ወደ እናንተ የመጣ ነው። ስድስት ሳምንት ተኩል ሙሉ የሚያውቀው ጉዝጓዝ፣ አምፖልና የጓደኞቹን ሙቀት ነው። ሲመሽ ሙቀት ፍለጋ ወደ ጥግ ይሄዳል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ከላይ ይወጣበታል፣ ከታች ያለው ይታፈናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት አንድ ሁለት ሞቶ ሲገኝ ሰው ፈንግል ገባ ብሎ ይደነግጣል፤ ሬሳው ጥግ ላይ ጠፍጥፎ ከተገኘና የቀሩት ንቁ ሆነው ከበሉ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው መደራረቡ ነው። ባይታፈኑም እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ተጣብቀው ማደራቸው ኮክሲዲዮሲስ ለሚባለው የአንጀት በሽታ ያጋልጣቸዋል፤ ደም የቀላቀለ ኩስ የሚታየውም በአብዛኛው በዚሁ ዕድሜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጫጩት የሚገዛ ሰው ይህን በተለይ ያስብበት።

በእናቱ ሥር ያደገ ጫጩት ነገሩ ሌላ ነው። በ2ኛው ሳምንት ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ድንጋይና ግንድ ላይ ይዘላል። ከ5 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እናትየው መታቀፉን ትታ ወደ ቆጧ ትመለስና ከላይ ሆና ትጠራቸዋለች። የመጀመሪያውን ምሽት ከታች ሆነው ይጮኻሉ፤ በማግሥቱ ደፋሮቹ ይወጣሉ፣ የቀሩትም ብዙ ሳይቆዩ ይከተላሉ። ያለ እናት የሚያድገውም ዕድሉን ካገኘ ይማራል፦ ከወለሉ 10 ሳንቲም ከፍ ያለ ዱላ ማሳደጊያው ውስጥ ከተጋደመለት በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት ቀን ቀን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ይህ ጨዋታ እንጂ ማደር አይደለም፤ ማታ ማታ ቆጥ ላይ ማደር የሚለመደው በአብዛኛው ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በ12 ሳምንቷ ገና ወለል ላይ የምታድር ቄብ ካለች መጀመሪያ ቆጡን፣ ቀጥሎ እግሯን መመርመር ነው።

ስለዚህ ጫጩት ስትገዙ ስለ ክትባቱ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ማሳደጊያው ውስጥ ዱላ ነበረ ወይ?» ስዊድን ውስጥ በእንቁላል ጣይ መንጋዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ 4 ሳምንት ሳይሞላቸው ቆጥ ያገኙ ጫጩቶች አድገው ወለል ላይ የሚጥሉት እንቁላል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። አሳዳጊዎች ግን ዱላውን እምብዛም አያስገቡም፤ ጉዝጓዝ ሲቀየር እጅ ይይዛል ባይ ናቸው።

ዘሩም ለውጥ አለው። የሐበሻዋ ዶሮ ቀላል ናት፣ ክንፏም ይሠራል፤ ቆጥ ካጣች ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ላይ ትወጣለች። ቦቫንስ ብራውን ትንሽ ከታገሷት 70 ሳንቲሙን ትደርስበታለች። ሳሶና ኩሮይለር ግን ከባድ ናቸው፤ ወደ ላይ መውጣቱ ሳይሆን ጠዋት ወደ ታች መዝለሉ ነው የሚጎዳቸው። ጠባብ ቤት ውስጥ ክንፍ ዘርግቶ ለማረፍ ቦታ ስለሌለ እንደ ተጣለ ነገር ዱብ ይላሉ። መውረጃው የሽቦ ወለል ሲሆን ደግሞ ጣት ይሰነጠቃል፣ መዳፉ ያብጣል፣ ያበጠው መግል ይቋጥራል። ሳሶ ለሚያረባ ሰው የቆጡ የመጨረሻ ከፍታ ከ60 ሳንቲም ባይበልጥ ይመረጣል።

አሁን ቧንቧው ራሱን እንየው። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ውጫዊ ውፍረቱ 21 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዶሮ ጉልበቷን አጥፋ ስትቀመጥ የእግሯ ጅማት ይሳብና ጣቶቿ በራሳቸው ይጨብጣሉ፤ ተኝታ የማትወድቀው ለዚህ ነው። ጭብጡ የሚይዘው ግን ጣቶቿ የሚቆነጥጡት ሻካራ ነገር ሲያገኙ ነው። ቀለም የተቀባ ቧንቧ ላይ እግሯ ይንሸራተታል፤ ሌሊቱን ሚዛን ስትጠብቅ ታድራለች። ክብደቷም በሙሉ በአንድ ቀጭን መስመር ደረቷ ላይ ይጫናል። የወጣት ዶሮ የደረት አጥንት ጫፉ ገና ለስላሳ ስለሆነ ሳምንታት ሲያልፉ ይጣመማል፤ በእጅ ሲዳሰስ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ ይገኛል።

ብርዱም አለ። በታኅሣሥና በጥር የባሕር ዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ብረት ደግሞ የእግርን ሙቀት ይስባል። ወፈር ያለ እንጨት ላይ የተቀመጠች ዶሮ ጣቶቿን ዘርግታ በሆድ ላባዋ ትሸፍናቸዋለች፤ ቀጭን ቧንቧ ላይ ግን ጣቶቿ ዞረው ከታች ስለሚቀሩ ላባው አይደርስላቸውም።

የተሻለው ቆጥ ውድ አይደለም። ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም የሆነ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ቅርፊቱ እርጥብ ሳለ ሙልጭ ተደርጎ ይላጥ፤ ቅርፊት ከቀረ ለቅንቅን መደበቂያ ይሆናል። ጥላ ሥር ይድረቅ፣ ቁጥቋጦው የነበረበት ጉጥ በቢላዋ ተስተካክሎ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረድ። በጣም አታለስልሱት፣ ትንሽ ሻካራነት ያስፈልጋል። ሞራሌ የሚመርጥ 4 በ5ቱን ወስዶ ሰፊውን ጎን ወደ ላይ ያድርግና ጠርዞቹን በመላጊያ ያክብባቸው። ቀርከሃ ቢያምርም ሲቆይ ይላጋል፣ ሲሰነጠቅም ጣት ይይዛል። ሸንበቆ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ይለመጣል፤ የሚለመጥ ቆጥ ላይ ጫጩት ሁለተኛ አይወጣም።

የሚሽከረከር ቆጥም እንደዚያው ነው። እንጨቱን ቧንቧው ላይ በሽቦ ከማሰር ይልቅ ብየዳ ቤቱ ከ5 ሳንቲም አንግል ቁራጭ ወደ ላይ የተከፈተ ኪስ ሠርቶ ግራና ቀኝ እንዲበይድ ማዘዝ ነው። ኪሱ በሦስት ከፍታ ይሁን፦ በ25፣ በ45 እና በ65 ሳንቲም። እንጨቱ ከውስጡ ስፋት 1 ሳንቲም አጥሮ ይቆረጥና ኪሱ ውስጥ ይቀመጥ፤ እንዳይሽከረከር በኪሱ ቀዳዳ አንድ ምስማር ይግባበት። እንዲህ ሲሆን ቆጡ ከጫጩቶቹ ጋር አብሮ ያድጋል፣ ሲጸዳም ይነሳል። ይህን ከቀለም በፊት ካዘዛችሁ ቁርጥራጭ ብረትና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን እንደገና ማቃጠል ስላለ ጭማሪ መጠየቁ አይቀርም፣ የተቃጠለው ቦታም ቶሎ ይዝጋል።

«ለ20 ዶሮ» የሚለው ነገር ሒሳቡ ያስቃል። ሁለት ቆጥ በ1.20 ሜትር 2.40 ሜትር ይሆናል። የ45 ቀን ጫጩት 12 ሳንቲም ይበቃዋል፤ ስለዚህ በገዛችሁበት ቀን በትክክል 20 ይይዛል። ያደገች ዶሮ ግን 20 ሳንቲም ትፈልጋለች፤ ስለዚህ የሚይዘው 12 ነው። በአውሮፓ ኅብረት የ1999 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ፣ ለአንድ ዶሮ 15 ሳንቲም፣ ቢወሰድ እንኳ 16 ላይ ይቆማል። ሦስተኛ ቆጥ ልጨምር የሚል ቦታውን ይለካ፦ መመሪያው ከግድግዳ 20 ሳንቲም፣ በቆጥና በቆጥ መካከል 30 ሳንቲም ይላል። 80 ሳንቲም ወርድ ውስጥ ከሁለት በላይ አይገባም። አንዱን ከሌላው በላይ መስቀልም መፍትሔ አይሆንም፤ የላዮቹ ኩስ የታቾቹ ጀርባ ላይ ያርፋል፣ ለላይኛውም ቦታ በየማታው ድብድብ ነው። ሁለቱም ቆጦች እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። 20 ጫጩት የገዛ ሰው አውራዎቹ ተለይተው ለበዓል ሲወጡ ቁጥሩ በራሱ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ፤ 20ውም ቄብ ከሆነ ግን ሁለተኛ ቤት ያስፈልጋል።

ማስለመዱ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጥግ መዝጋት ነው። አራቱም ማዕዘኖች ከወለሉ እስከ 30 ሳንቲም ድረስ በካርቶን ወይም በቁራጭ ቺፑድ ይከበቡ፣ ቀጥ ያለ ጥግ አይኑር። የሽቦው ወለል ላይ ላሜራ ይነጠፍና ከ5 እስከ 8 ሳንቲም ጉዝጓዝ ይደረግበት። እዚህ አካባቢ ከሁሉ የሚሻለው ከወረታ የሩዝ ወፍጮዎች የሚወጣው ገለፈት ነው፦ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ሰጋቱራ የሚያገኝ ሻካራውን ይምረጥ፤ ዱቄት የሚመስለውን ጫጩት ይለቅመዋል፣ አቧራውም አፍንጫ ይይዛል።

ቆጡን 25 ሳንቲሙ ኪስ ላይ አድርጉት። የእንቁላል መጣያውን ሳጥን ዝጉት፤ ቀዳዳ ያገኘ ጫጩት እዚያ ገብቶ ያድራል፣ የለመደበትንም አይተውም። ከዚያ ጫጩቶቹን ከ3 እስከ 7 ቀን ማደሪያው ውስጥ ብቻ አቆዩአቸው፤ ቁጥራቸው 20 ሲሆን ይጠብባቸዋልና መኖና ውኃው ከቆጡ ሥር ወጣ ብሎ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ቤታቸው የት እንደሆነ ሳያውቁ ግቢ የተለቀቁ ጫጩቶች ሲመሽ ወደ ዶሮ ቤቱ ሳይሆን ወደ ቁጥቋጦው ይሄዳሉ።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው በመብራት ነው። ዶሮ በጨለማ አታይም ማለት ይቻላል፤ ቆጥ ላይ የምትወጣው ጀንበር ስትጠልቅ ባለችው አጭር ጊዜ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። አምፖል በርቶ ሲቆይ ገና ቀን ይመስላትና ትበላለች። ሰውየው ሊተኛ ሲል ወይም መብራት ሲጠፋ ድርግም ይላል፤ ያኔ ቆጡ የት እንዳለ አይታያትምና ባለችበት ትደፋለች። ከገበያ የመጣ የ45 ቀን ጫጩት ላባው ሞልቶ ከሆነና ነፋስ ካልገባበት ማሞቂያ አያስፈልገውም። አምፖሉን አውጡት፣ ምሽቱ በራሱ ይምጣ።

በዚያች ሰዓት ቆሞ ማየት ብዙ ያስተምራል። ደፋሯ ቄብ ቆጡ ሥር ትመጣለች፣ አንገቷን ታሰግጋለች፣ ዝቅ ትላለች፣ አንዱን እግሯን አንስታ መልሳ ታስቀምጣለች፣ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ከፍታውን ትለካለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ዞራ ከሄደች ከፍታው በዝቷል ወይም ማረፊያው አያስተማምንም ማለት ነው። ቧንቧው ላይ ብዙ የሚታየው ይኸው ነው። ባሕር ዛፉ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ግን ቶሎ ትዘላለች፣ አጠገቧም ሌላዋ ትከተላለች።

ያልወጡትን ከመሸ በኋላ በእጅ ማውጣት ነው። ደብዘዝ ያለ የስልክ መብራት ወደ መሬት አብርቶ፣ ጫጩቷን በሁለት እጅ ክንፏን ይዞ፣ የፊት ጣቶቿን ቆጡ ላይ አስነክቶ ራሷ እስክትጨብጥ መጠበቅ። ሳትጨብጥ ከለቀቋት ወደ ኋላ ትወድቅና ለሚቀጥለው ምሽት ፍርሃት ይተርፋታል። ሁሉንም ማውጣት ግድ አይደለም፤ ግማሹ ከወጣ ሌላው ሙቀቱን ተከትሎ ይመጣል። በተከታታይ ከተደረገ አብዛኞቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለምዳሉ፣ ዘገምተኞቹ ሁለት ሳምንት ይወስዳሉ። ቆጥ የለመደች አንዲት ትልቅ ዶሮ ማስገባት ሥራውን ያቀላል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ከሌላ ቤት የመጣች ዶሮ በሽታና ቅንቅን ይዛ ልትገባ ስለምትችል አንመክረውም።

ከ8ኛው ሳምንት በኋላ እንጨቱ ወደ 45፣ በ11ኛው ወይም በ12ኛው ሳምንት ወደ 65 ይነሳ፤ ለሳሶ ሦስተኛውን ኪስ 55 ላይ አስበይዱት። ከፍ ሲል መወጣጫ ያስፈልጋል፦ 20 ሳንቲም ስፋት ያለው ጣውላ በየ15 ሳንቲሙ እርከን ተመትቶበት፣ ዘንበል ያለው ከ45 ዲግሪ ሳይበልጥ። ከዚያ ከበለጠ ሲወጡት ይንሸራተታሉ፣ ሲወርዱት ደግሞ ትተውት ይዘላሉ። የመጨረሻው ከፍታ ከሳጥኑ ደፍ በላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ዶሮ ያገኘችው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማደር ትወዳለች፣ ሳጥኑ ከቆጡ ከበለጠ እዚያ አድራ ኩሷን እንቁላል የሚጣልበት ላይ ትተዋለች። ሳጥኑ የሚከፈተው 18 ሳምንት ሲሞላቸው ነው።

አናጺዎች የሚሸጡት የእንጨት ዶሮ ቤት ዋጋው ቀለል ይላል፣ ቆጡም ከጅምሩ እንጨት ነው። ግን ቆጡ ከነቅርፊቱ ወይም ከነመጋዝ ጠርዙ ይገባል፣ ቺፑድ ወለሉ አንድ ክረምት አይዘልቅም፣ ያብጣል። ውስጡ ሽቦ ብቻ የሆነው የእንቁላል ጣይ ኬጅ ደግሞ ጭራሽ ቆጥ የለውም፤ ለጓሮ አርቢ አይሆንም።

ወደ ብረቱ እንመለስ፤ የሽቦው ነገር አለ። ባለ ስድስት ጎን ቀጭኑን ሽቦ የለጠፈ ካለ አትግዙ፤ ውሻ ይቀደዋል፣ ሽለምጥማጥም ከውጭ ሆኖ የተኛችን ዶሮ እግር በቀዳዳው ስቦ ይበላል። ግማሽ ኢንች ካሬ የተበየደ ሽቦ ይሁን። ሐይቁ ዳር ላሉ ሰፈሮች ማደሪያው ላይ የወባ ትንኝ መረብ መደረብ ይጠቅማል፤ የዶሮ ፈንጣጣን ከዶሮ ወደ ዶሮ ከሚያዛምቱት አንዷ ትንኝ ናት። ነፋሱ ግን አይታፈን፦ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ክፍት ይሁን፣ በቆጡ ደረጃ ዝናብ በሚመጣበት በኩል ይዘጋ። ቆርቆሮው በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን ይፈላል፣ በቀዝቃዛ ሌሊት ደግሞ እንፋሎቱ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ የደንገል ምንጣፍ ቢወጠርለት ሁለቱንም ያስታግሳል።

ቧንቧው ከተበየደ ቆይቶ እዚያው መቅረቱ ግድ ከሆነ ጫፎቹ ክፍት አለመሆናቸውን እዩ። ቀዩ የዶሮ ቅንቅን ቀን ቀን ተደብቆ የሚውለው በዚህ ዓይነት ቀዳዳ ነው፤ ማታ ወጥቶ ደም ይመጥጣል፣ ዶሮዎቹም ያለ ምክንያት ቆጡን ትተው ወለል ላይ ማደር ይጀምራሉ። መጀመሪያ ለምደው የነበሩ ዶሮዎች ድንገት ከወረዱ ከመሸ በኋላ ነጭ ጨርቅ በቆጡ ሆድ ላይ አሂዱ፤ የደም ነጠብጣብ ከያዘ አገኛችሁት። እንጨቱን አውጥቶ የፈላ ውኃ ማፍሰስና ፀሐይ ላይ ማዋል፣ የኪሱን ብረትም እንዲሁ መለብለብ፣ በሳምንቱም መድገም ነው፤ የፈሰሰው ውኃ እንቁላሉን ሁሉ ላይደርስበት ይችላልና። የተበየደ ቧንቧ ግን ተነቅሎ አይወጣም፤ ጫፉን በብየዳ ማስደፈን ብቻ ነው ያለው አማራጭ።